ያገገመ ሰው ሲናገር፦ የአእምሮ ሕመም፣ ሱስና የአደባባይ ንግግር ከልደታ ሲታይ

ከአእምሮ ሕመም፣ ከሱስ ወይም ከአመጋገብ መዛባት ያገገመ ሰው ያለፈበትን በራሱ አንደበት ለሌሎች መናገሩ ከጊዜ ወደ ጊዜ በሕክምናው ዓለም ክብደት እየተሰጠው የመጣ ጉዳይ ነው፤ ስለ ሕመም የሚነገር ቃል ከሐኪም አፍ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ዕውቀት ሆኖ ይቀራል፣ ሕመሙን ካየው ሰው አፍ ሲወጣ ግን ሰሚው ስለ ታማሚዎች የያዘውን ፍርድ እስከ መለወጥ ይደርሳል። እዚህ ላይ ማገገም ሲባል የሕመሙን ፈጽሞ መጥፋት ብቻ አያመለክትም፤ መድኃኒት እየወሰዱም ሆነ ምልክቱ አልፎ አልፎ እየተመለሰ፣ ሠርቶ ማደርን፣ ቤት መምራትን፣ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣትን መልሶ የራስ ማድረግንም ይጨምራል። ይህ ሁለተኛው ትርጉም በኢትዮጵያ አደባባይ እምብዛም አይሰማም። ፈጽሞ መዳንን የሚያውጁ ንግግሮች በአገሩ ሞልተዋል፤ የጎደለው እየታከሙ መኖርን የሚናገር ድምፅ ነው።

ጉዳዩን ከልደታ ክፍለ ከተማ ተነሥቶ ለመመልከት በቂ ምክንያት አለ። የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚገኙት በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው፤ ከአብነት አልፎ ወደ መርካቶ ለሚሄድ ሰው ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመውና ለበርካታ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረው አማኑኤል ሩቅ አይደለም። እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሻ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ባሕር መሻገር ግዴታው ነበር፤ በዚያ ዓመት ጥር ወር የዩኒቨርሲቲው የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሥልጠናውን አገር ውስጥ ሲጀምር፣ ከ70 ሚሊዮን ለማያንስ ሕዝብ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የሐኪሞቹ ቁጥር ብዙ እጥፍ አድጓል፤ ሕክምናውም ከአማኑኤል ግቢ ወጥቶ ወደ አጠቃላይ ሆስፒታሎችና ወደ ጤና ጣቢያዎች ወርዷል። ይሁን እንጂ የሐኪሙ መብዛት የታካሚውን ዝምታ በራሱ አልሰበረም።

ይህ ዝምታ በአፍ ብቻ ሳይሆን በእጅም ጭምር የሚሠራ መሆኑን ከሆስፒታል መድኃኒት ቤት መስኮት ፊት ቆሞ ያስተዋለ ይረዳዋል። ክኒኑን የያዘችው ትንሽ የወረቀት ከረጢት ሁለቴ ታጥፋ ከጃኬት የውስጥ ኪስ ትገባለች፤ የመድኃኒቱ ስም የታተመበት ካርቶን ከመውጫው በር ሳያልፍ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይቀራል፤ የቀጠሮ ካርዱ ከሌሎች ወረቀቶች ኋላ ይሸጎጣል። ቤት ሲደረስ ክኒኑ የጨጓራ ወይም የራስ ምታት መድኃኒት ይባላል፤ አንዳንዴ ለባለቤትም፣ ለእኅትም ጭምር። እንዲህ የሚያደርገው ሰው ፈሪ ሆኖ አይደለም። ልጅ ለመዳር ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የቤተሰቡ ዘር በሚጠናበት አገር፣ «እነሱ ቤት የዘር ነው» የምትል አንዲት ቃል የእሱን ብቻ ሳይሆን የእኅቶቹንም ዕድል ልትዘጋ እንደምትችል ያውቃል፤ የሚሸሽገው የራሱን ሕመም ቢሆንም የሚጠብቀው የብዙ ሰዎችን ስም ነው።

ይህ ከግምት ያለፈ ነገር ነው። በቡታጅራና በአካባቢው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ባካሄዱትና ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን በማነጋገር በጀመረው ሰፊ ጥናት፣ ስኪዞፍሬኒያ (ሐሳብንና ግንዛቤን የሚያናጋ ከባድ የአእምሮ ሕመም) እንዲሁም ከባድ የስሜት መታወክ ያለባቸው ሰዎች ተለይተው ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። የዚሁ ሥራ አካል የሆነውና በዶክተር ተሾመ ሽብሬ ግንባር ቀደምነት እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ጽሑፍ 178 የቤተሰብ አባላትን ጠይቆ ከመቶ 75ቱ በዘመዳቸው ሕመም የተነሣ መገለል እንደሚሰማቸው፣ ከመቶ 37ቱ ደግሞ ዘመዳቸው መታመሙን መሸሸግ እንደሚፈልጉ አረጋግጧል። መልስ የሰጡት ታማሚዎቹ ሳይሆኑ ዘመዶቻቸው መሆናቸው በተለይ ሊስተዋል ይገባል። መገለሉ ታማሚው ላይ ሳይቆም ወደ ቤቱ ሁሉ የሚገባ ከሆነ፣ ይፋ የመናገሩ ውሳኔም የአንድ ሰው ብቻ ሊሆን አይችልም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ባለሙያዎች ራስን ማግለል የሚሉት ነው፤ ሰውዬው ኅብረተሰቡ ስለ እሱ የሚያስበውን ተቀብሎ ራሱ ላይ ይፈርዳል፣ ማንም ሳይከለክለው ከዕድር ስብሰባ ይቀራል፣ ማንም እምቢ ሳይለው ሥራ መፈለጉን ይተዋል።

ሆኖም ሕመምን በሕዝብ ፊት መናገር ለአገሩ እንግዳ ነገር አይደለም። በፀበል ቦታዎች፣ በእንጦጦ ማርያምም ሆነ በሽንቁሩ ሚካኤል፣ የታመመ ሰው ከነሕመሙ በብዙ ሰው መካከል ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ ሲሻለውም ድኅነቱን ይመሰክራል፤ በፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትም ከመጠጥና ከጫት የተላቀቀ ወጣት ማይክሮፎን ይዞ ምስክርነት መስጠቱ የተለመደ ነው። በልደታ ለማርያም ደብር ዙሪያም ሆነ በሌላው የከተማው ሰፈር ግንቦት 1 ቀን ጎረቤት በደጅ ተሰብስቦ ንፍሮ ሲቀቀል፣ ዳቦ ሲቆረስና ቡና ሲፈላ፣ ባለፈው ዓመት የተሳለ ሰው ስለቱ መስመሩን ለጎረቤቱ እየተናገረ የተሳለውን ይዞ ይቀርባል። በእነዚህ ስፍራዎች የታመመ ሰው አይሸማቀቅም፤ ይህን ያህል ሰው በሚገኝበት በሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ነጻነት ማግኘት ብርቅ ነው። የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ይህን ንቆ ማለፍ አይገባውም።

ነገር ግን ምስክርነቱ የራሱ መልክ አለው፤ ትረካው ከጥፋት ይነሣል፣ በአንድ ቀን ወይም በአንድ ሱባዔ ይለወጣል፣ በፍጹም ድኅነት ይዘጋል። ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜትን ከልክ ባለፈ ደስታና በከባድ ድባቴ መካከል የሚያመላልስ ሕመም ያለበት ሰው ግን ታሪኩ በዚህ መልክ አይዘጋለትም። ሦስት ዓመት ደኅና ሰንብቶ በአራተኛው ሊያገረሽበት ይችላል፤ ክኒኑን ምናልባት ዕድሜውን ሁሉ ይወስዳል። እንዲህ ያለው ሰው መድረኩ ላይ ቦታ ሲያጣ ሁለት አደጋ ይገጥመዋል፦ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ መዳኑን ለማስመስከር ሲል መድኃኒቱን ያቋርጣል። ሁለተኛው ወደ ሆስፒታል መልሶ የሚያስገባ መንገድ መሆኑን የሚያክሙ ሁሉ ያውቁታል። እየታከሙ መኖር እምነትን የሚቃወም ነገር እንዳልሆነ፣ ፀበልና ክኒን በአንድ ሰው ቀን ውስጥ አብረው ሊውሉ እንደሚችሉ በግልጽ የሚናገሩ ካህናትና ፓስተሮች መኖራቸው ስለዚህ ትልቅ ዋጋ አለው።

አገሪቱ ዝምታን በንግግር የመስበር ሌላም የቅርብ ልምድ አላት። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ኢትዮጵያውያን መቅድምና ተስፋ ጎህ በተሰኙ ማኅበራት ተሰባስበው በየትምህርት ቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው አዳራሽ እየዞሩ ስለ ራሳቸው መናገር ሲጀምሩ፣ አብሮ መብላትና መጨባበጥ ያስይዛል የሚለው ፍርሃት ገና አልበረደም ነበር። የሕዝቡ ዓይን የለመደው ሥዕል የከሳና አልጋ የያዘ ሰው ሆኖ ሳለ፣ መድረኩ ላይ የሚወጣው ግን ቁሞ የሚሄድ፣ የሚቀልድ፣ ጥያቄ የሚመልስ ሰው ነበር፤ ከዚያ ሰው ጋር ሻይ የጠጣ አድማጭ ስለ በሽታው የነበረውን ሥዕል ይዞ ወደ ቤቱ መመለስ ይከብደዋል። ተናጋሪዎቹ ዋጋ ከፍለዋል። ከተከራዩበት ቤት የተባረሩ፣ ዘመድ የራቃቸው፣ ከሥራ የተገለሉ በመካከላቸው ነበሩ፤ ዛሬ ያለ ሐፍረት ምርመራ የሚያደርግ ሰው ለእነሱ ባለዕዳ ነው።

በዚያ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ነገር አለ። የጥቂት ደፋሮች ሥራ የነበረው ይፋ መውጣት የብዙዎች ወደ መሆን የተሸጋገረው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት «ተመርመሩ» የሚለው ጥሪ ተመርምሮ ቫይረሱ ለተገኘበት ሰው የሚሰጠው ነገር ጥቂት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ንግግሩ ሰውን የሚጠራበት በር ተከፍቶ ተገኘ። የአእምሮ ሕመምን በተመለከተም አንድ ሰው ቆሞ «ታምሜ ነበር፣ ታከምሁ፣ ተሻለኝ» ሲል የሰማ ሁሉ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ቢሄድ፣ እዚያ የሠለጠነ ባለሙያና መደርደሪያ ላይ የማይጠፋ መድኃኒት ማግኘት አለበት። ይህ ካልተሟላ ተናጋሪው ባዶ በር እንዲያንኳኩ ሰዎችን የላከ ይሆናል፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም።

ንግግሩ ለምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ የተገኘው ከአእምሮ ሕክምና ውጭ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በጥላቻ የተለያዩ ወገኖች ቢገናኙ ጥላቻው ሊቀንስ እንደሚችል፣ ነገር ግን ማንኛውም መገናኘት እንደማይበቃ አስረድቷል፤ ሁለቱ ወገኖች በእኩል ደረጃ መገናኘት፣ ለአንድ ዓላማ መተባበርና የባለሥልጣን ድጋፍ ማግኘት አለባቸው። ፓትሪክ ኮሪጋንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ14 አገሮች የተገኙና 38,364 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 72 ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ በአዋቂዎች ዘንድ ካገገመ ሰው ጋር መገናኘት ከትምህርት ይልቅ አመለካከትን እንደሚለውጥ፣ ፊት ለፊት መገናኘትም ከቪዲዮ እንደሚበልጥ አገኙ፤ በአፍላ ወጣቶች ዘንድ ግን ትምህርቱ የበለጠ ሠርቷል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት መገለልን ለማስወገድ ያቋቋመው ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ማኅበራዊ ግንኙነትን ከሁሉ አስቀድሟል።

የኦልፖርት የእኩልነት ነጥብ አንድ አስገራሚ ነገርን ይፈታል። ከማንም በላይ ብዙ የአእምሮ ሕሙማንን የሚያዩት የጤና ባለሙያዎች ሆነው ሳለ፣ ታማሚን ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ እነሱም ዘንድ ይገኛል። ነርሷ ታማሚውን የምታየው ሲጮኽ፣ በዘመዶቹ ተይዞ ሲመጣ ወይም ክፉኛ ሲዝል ነው፤ የተሻለው ሰው ወደ ሥራው ስለሚመለስ ድንገተኛ ክፍል አይመጣም። ባለሙያዋ በየቀኑ የምታገኘው ሕመሙን እንጂ ማገገሙን አይደለም፤ ተስፋ ብትቆርጥ አያስገርምም። ይህን ለማስተካከል ነው ኢንዲጎ በሚባለው፣ ኢትዮጵያን ከኔፓል፣ ከሕንድ፣ ከቻይናና ከቱኒዝያ ጋር ባቀፈው የምርምር ጥምረት ውስጥ ያገገሙ ሰዎች ባለሙያዎችን በማሠልጠን እንዲሳተፉ የተደረገው። ለዚህ ሥልጠና በኔፓል የተሞከረው አሠራር የፎቶ ድምፅ ሊባል ይችላል፤ ያገገመው ሰው ካሜራ ተሰጥቶት ከራሱ ሕይወት ውስጥ ፎቶ ያነሣል፣ ከፎቶዎቹ መካከል መናገር የሚሻውን ብቻ ይመርጣል፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል ከቡድኑ ጋር ደጋግሞ ይለማመዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ጤና ባለሙያዎች ፊት የሚቆመው። ፎቶው የተናጋሪው ፊት የማይታይበት፣ ለምሳሌ የአንድ ጫማ፣ የአንድ መንገድ ወይም የክኒን ብልቃጥ ምስል ሊሆን ይችላል። ሰሚው ምስሉን ሲያይ ተናጋሪው ትንፋሽ የሚያገኝበት ጊዜ ይኖረዋል።

በኢትዮጵያ ይህ ሥራ የሚካሄደው በታካሚዎቹ በራሳቸው ማኅበር ጭምር ነው፤ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ማኅበር ራሳቸው ሕመሙን ያዩ ሰዎች የሚመሩት ሲሆን፣ በመሪነት የሚታወቁት እሌኒ ምስጋናው በአገር ውስጥና በዓለም አቀፍ መድረኮች ከልምዳቸው ተነሥተው ይናገራሉ፤ ከተመራማሪዎች ጋርም በጥናት ጸሐፊነት ተሳትፈዋል። አንድ ሰው ብቻውን ሲናገር እንግዳ ታሪክ ነው፤ ማኅበር ሆኖ ሲናገር ግን የመድኃኒት አቅርቦትን፣ የሥራ መብትንና የሆስፒታል አያያዝን የሚጠይቅ ወገን ይሆናል።

ሱስ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው፤ ሰፈሩ ራሱ ሱስን በሁለት መልክ ያያልና። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጦ ጫት የሚቅም፣ በምርቃና ሐሳብ የሚያፈልቅ፣ ማምሻውን ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር ወደ ጨብሲ የሚሄድ ሰው እንደ ተጫዋች ይቆጠራል፤ ያው ሰው ሥራውን ባጣ ማግስት ግን ዋልጌ ይባላል። በሁለቱም ስም ውስጥ ሕመም የሚል ሐሳብ የለም። ሱስ በሕክምና ቋንቋ አንድን ነገር ጉዳቱን እያወቁ መተው አለመቻል ነው፤ ለማቆም የሞከረ ሰው የሚሰማውን ሐራራ፣ ጫት ያቆመውንም ሌሊት የሚያስጨንቀውን ዱካክ ቃሚዎች ሐኪም ሳይነግራቸው በስሙ ያውቁታል። አልኮልን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሬዲዮና የቴሌቪዥን ማስታወቂያን አግዷል፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከልክሏል፤ ለጠጪው የታሰበው ይህን ያህል ሳለ፣ ለአቆመው ሰው ያለው ቦታ ግን ጠባብ ነው። ለቅሶም ሠርግም ላይ «አንዲት ብቻ» የሚባልበት አገር ውስጥ «አልጠጣም፣ ታምሜበታለሁ» ብሎ በግልጽ መናገር ትልቅ ድፍረት ይጠይቃል።

ከሱስ ያገገሙ ሰዎች ስለ መናገር ከማንም በላይ ያሰቡበት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ የተመሠረተው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው፤ አባላቱ በስብሰባ ላይ ታሪካቸውን ያለ ሽሽግ እየተናገሩ፣ በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በፊልም ግን ስማቸውን አይገልጡም። ሥርዓቱ ከሐፍረት የመነጨ ብቻ አይደለም። በይፋ የተመሰከረለት ሰው ቢያገረሽበት፣ እሱን አይተው ተስፋ ያደረጉት ሁሉ አብረው እንደሚሰበሩ፣ ዝናው ራሱም ለአዲስ አቋሙ አደጋ እንደሚሆን ከልምድ ተምረው ነው። ማገርሸት በሱስ ሕክምና ውስጥ የሚጠበቅና እንደገና የሚታከም ነገር ነው፤ ስለዚህ አንድን ወጣት ከሕክምና በወጣ በወሩ ካሜራ ፊት ማቅረብ፣ «ዳግም አልመለስም» ማሰኘትና ተመልካቹን ማስለቀስ ለፕሮግራሙ ቢጠቅምም ለወጣቱ አይጠቅምም። ቤተሰቡ የተናገረለት፣ እሱ ራሱ በቅጡ ያልፈቀደበት፣ ታምሞ ሳለ የተቀረጸ ምስልም እንዲሁ ነው። ይህ ከንግግር አይቆጠርም፤ ስለ እሱ የተነገረ ነገር ነው።

ስለ አመጋገብ መዛባት ደግሞ በአማርኛ የሚሰማ ድምፅ ከሁሉ ያንሳል። አኖሬክሲያ ነርቮዛ፣ ማለትም ክብደት መጨመርን ከመፍራት የተነሣ ራስን እስከ አደጋ ማስራብ፣ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በሐኪሞች የተሰየመ ሲሆን፣ ብዙ በልቶ በግድ የማስመለስ ሕመም የሆነው ቡሊሚያ ነርቮዛ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ልዕልት ዳያና እ.ኤ.አ. በኅዳር 1995 በቢቢሲ ቀርባ ስለ ቡሊሚያዋ በተናገረችባቸው ዓመታት በብሪታንያ ሕመሙ ይዞናል ብለው ወደ ሐኪም የሚሄዱ ሰዎች ቁጥር ከፍ ብሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሲቀንስ ተመራማሪዎች የእርሷን መናገር እንደ አንድ ምክንያት አንሥተውታል። በኢትዮጵያ ጾም ረጅምና የተከበረ በመሆኑ፣ ምግብን መፍራቱ ከጾም ጋር ተደባልቆ ሳይታይ ሊቀር ይችላል፤ ድህነትም እንዲሁ ይሸፍነዋል። በሕክምና መጽሔት ከወጡት ጥቂት የአገር ውስጥ ታሪኮች አንዱ ዶክተር ዮናስ ባሕረ ጥበብ ከሁለት የካናዳ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት፣ የቤቷን የጭቃ ግድግዳ ትበላ የነበረችውን ወጣት የሚመለከት ጽሑፍ ነው፤ ምግብ ያልሆነን ነገር የመብላት ሕመም ፒካ ይባላል። ታሪኩ በጥንቃቄና በርኅራኄ የተጻፈ ቢሆንም የተነገረው በሐኪሞች ነው፤ ግድግዳው ሲያጥር እያየች ማቆም ያቃታት ልጅ በራሷ ቃል ምን ትል እንደነበር አንባቢ አያውቅም።

በአደባባይ መናገር የሁሉም ሰው ግዴታ ሊሆን አይገባም፤ ለብዙው ታካሚ የሚበጀው ለአንድ ሰው መናገር ነው፣ ያም አንድ ሰው አንዳንዴ የሥራ አለቃው ሊሆን ይችላል። ታምሜያለሁ ብሎ ፈቃድ መውሰድም የግድ የሥራ ማብቂያ አይደለም፤ የኖርዌዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሼል ማግነ ቦንደቪክ እ.ኤ.አ. በ1998 ድባቴ እንደያዛቸው ለሕዝብ አስታውቀው የሕመም ፈቃድ ወስደዋል፤ ለሥራ ተመልሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2001ም ዳግም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። በሜክሲኮና በልደታ ዙሪያ በተሰለፉት ሕንጻዎች ውስጥ በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰውም ሕጉ በሩን አልዘጋበትም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፣ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ፤ አዋጁ የሰውነትን ሕመም ከአእምሮ ሕመም አይለይም። ሠራተኛው ፈቃዱን ለማግኘት ግን ወረቀት ማቅረብ አለበት፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ማኅተም አለ። ማኅተሙ የአማኑኤል ወይም የሳይካትሪ ክፍል ከሆነ፣ ብዙ ሰው በመብቱ መጠቀሙን ትቶ የዓመት ዕረፍቱን ይወስዳል፣ ወይም ታምሞ ይሠራል፣ ወይም ሥራውን ይለቃል። አለቃው ከዚያ በፊት አንድ ያገገመ ሰው ቆሞ ሲናገር ሰምቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ ያን ወረቀት የሚያነብበት ዓይን ሌላ ይሆናል፤ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያሉ ተናጋሪዎችን ከአገልግሎት ተጠቃሚዎቹ ማኅበር ጠይቀው ለሠራተኞቻቸው ስብሰባ ሊጋብዙ ይችላሉ፤ የሚያስፈልገውም አንድ አዳራሽ፣ የተናጋሪው ሙሉ ፈቃድና ከንግግሩ በኋላ አብሮት የሚቀመጥ ባለሙያ ነው።